ከየት ነህ ለሚለው ጥያቄ አንድ ቃል አይበቃም

ሰሞኑን ለመንገደኞች ምክር የሚሰጥ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። በውጭ አገር «ከየት ነህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው እንዴት መመለስ እንዳለበት በስድስት ነጥቦች ያስተምራል። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የአገርህን ስም በአንድ ቃል ተናግረህ እለፍ፤ ስሙን ካላወቁት የሚያውቁትን ትልቅ ጎረቤት ጥራላቸው፤ አገርህ በክፉ የምትነሣበት ወቅት ከሆነ የሌላ አገር ሰው ነኝ በል፤ የአገርህ አምባሳደር ነህና በተነሣች ቁጥር ተከላከልላት፤ ማንነትህ በፓስፖርትህ ላይ የተጻፈው ነውና ከዚያ አትውጣ፤ «ዋናው አገርህስ?» ብለው ቢደግሙ የአያትህን አገር ንገርና ተገላገል። መዝጊያው ደግሞ «ጠያቂው መልስህን ነገ አያስታውሰውም፤ ስለዚህ አትድከም» የሚል ነው።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። በየሄዱበት አንድ ዓይነት ጥያቄ መመለስ ምን ያህል እንደሚያሰለች ያውቃሉ፤ አንባቢያቸውን ከዚያ ድካም ሊያድኑት ፈልገዋል። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። ስጓዝ ተጠያቂ ነኝ። በሥራዬ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ስላገለገልኩ ጠያቂው እኔ ነበርኩ። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ዜግነት» የሚለውን ክፍት ቦታ ሳስሞላ ሰዎች ራሳቸውን እንዴት እንደሚያስረዱ፣ የት ላይ ድምፃቸው እንደሚቀንስ፣ የት ላይ ቀና እንደሚሉ አይቻለሁ። ያየሁትና የሰማሁት ከዚህ ምክር ጋር አይስማማም።

«በአንድ ቃል ተናግረህ እለፍ» ከሚለው ልጀምር። ወረፋ በበዛበት የኢሚግሬሽን መስኮት ፊት ይህ ትክክል ነው። መኮንኑ የሚፈልገው አንድ ቃል ነውና አንድ ቃል ይሰጠው። ከመስኮቱ ካለፉ በኋላ ግን አንድ ቃል የሚበቃው ጠያቂውና ተጠያቂው ቃሉን ሲሰሙ አንድ ነገር የሚታያቸው ከሆነ ብቻ ነው። ኒጀርና ናይጄሪያ ሁለቱም በ1960 ነጻ የወጡ ጎረቤታሞች ናቸው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። አንደኛዋ በፈረንሳይ፣ ሌላዋ በብሪታኒያ ሥር ነበሩ። ከኒጀር የመጣ ሰው የአገሩን ስም ብቻ ተናግሮ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ናይጄሪያዊ ተደርጎ ይቀራል። ጊኒ የሚለው ስም ከዚህም ይብሳል። ጊኒ፣ ጊኒ ቢሳውና ኢኳቶሪያል ጊኒ በፈረንሳይ፣ በፖርቱጋልና በስፔን የተገዙ ሦስት የአፍሪካ አገሮች ናቸው፤ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ደግሞ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን የምትገኝ፣ ከ800 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት የፓስፊክ አገር ናት። ከእነዚህ ከአንዱ የመጣ ሰው ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር የማንን ጊዜ ያባክናል?

አንድ ማታ «ከቤልፋስት ነኝ» ያለኝን እንግዳ፣ ምንም ሳልጠይቀው «እንግሊዛዊ» ብዬ መዘገብኩት። ቅጹን ወደ ራሱ ዘወር አድርጎ አነበበና ብዕሩን ከእጄ ተቀብሎ ሰረዘው። አልተቆጣም። በ1998 የተፈረመው የቤልፋስት ስምምነት የሰሜን አየርላንድ ሰዎች አየርላንዳዊ ነኝ፣ ብሪታኒያዊ ነኝ ወይም ሁለቱንም ነኝ የማለት መብት እንዳረጋገጠላቸው፣ የሁለቱንም አገር ዜግነት መያዝ እንደሚችሉ ቆሞ አስረዳኝ። እንግሊዛዊ የሚለው ከእነዚህ ውስጥ የለም። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅበት ነው። በአንድ የብሪታኒያ መንግሥት ሥር ያሉት እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ በእግር ኳስ አራት ቡድን ሆነው ሲሰለፉ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን እስከዚያ ማታ ድረስ አስቤበት አላውቅም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 193 አባላት ሲኖሩት የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ግን 211 አባላት አሉት። «አገር» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ጉባኤው የሚሰፋና የሚጠብብ ከሆነ፣ መንገደኛው በምን ተአምር በአንድ ቃል ይጨርሰው?

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም ትልቁን ጎረቤት ጥራ የሚለው፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። አቅጣጫ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ስምን ማስረከብ ሌላ ነገር ነው። «ከኒውዚላንድ ነኝ፤ ከአውስትራሊያ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ 2000 ኪሎ ሜትር ከሚሆን ባሕር ማዶ ናት» ያለ ሰው አቅጣጫ አሳይቷል። «ከአውስትራሊያ ነኝ» ያለው ግን ጠያቂውን አሳስቶታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጫወቱት ጨዋታ ሁሉ በዚያ ስሕተት ላይ የሚቆም ነው።

ጸሐፊው ይህን «ትንሽ ነገር» ብለውታል። ስዋዚላንድ ትባል የነበረችው አገር በ2018 የነጻነቷን 50ኛ ዓመት ስታከብር ስሟን ኢስዋቲኒ ብላለች። ንጉሥ ምስዋቲ ሦስተኛ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ወደ ውጭ በሄዱ ቁጥር ሰው አገራቸውን ከስዊዘርላንድ ጋር የሚያምታታባቸው መሆኑ ነበር። የሰሜን መቄዶንያ ሰዎች ደግሞ በስማቸው ምክንያት ከግሪክ ጋር ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። በ1993 የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆኑት «የቀድሞዋ የዩጎዝላቪያ ሪፐብሊክ መቄዶንያ» በሚል ጊዜያዊ መጠሪያ ነው፤ በ2018 ተስማምተው አሁን ያለውን ስም በ2019 ያዙ። ከዚያ ለመጣ ሰው «ግሪክ በላቸው፤ እርሷን ያውቋታል» ብሎ መምከር ምን ያህል እንደሚያቆስል ጸሐፊው ቆም ብለው ያሰቡበት አይመስለኝም።

ሦስተኛው ምክር ከሁሉም ይልቅ ያሳዘነኝ ነው፤ የሌላ አገር ሰው ነኝ በል ይላል። ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት አንዳንድ አሜሪካውያን መንገደኞች በሻንጣቸው ላይ የካናዳን ባንዲራ ይሰፋሉ የሚባለውን ነው። በዚያ ባንዲራ ላይ ያለው ቀይ ቅጠል በ1965 ይፋ ከመሆኑ በፊት ካናዳውያን አምርረው ተከራክረውበታል። ከሌላ አገር ባንዲራ የተቀዳ ሳይሆን የራሳቸው የሆነ ምልክት እንዲኖራቸው ነበር ያ ሁሉ ክርክር። የእነርሱን ምልክት ለብሶ የሚጓዝ ሰው በመንገድ ላይ የሚያጠፋው ጥፋት በማን ላይ ይጻፋል?

እርግጥ ነው፣ ከየት እንደመጣ ቢታወቅ አካሉ ወይም ሕይወቱ አደጋ ላይ የሚወድቅ ሰው አለ። ያ ሰው ዝም ይበል፤ ቢያስፈልገው ይዋሽ፤ እኔ አልፈርድበትም። ጸሐፊው የሚመክሩት ግን ከአደጋ ለማምለጥ አይደለም። የማይመች ጨዋታ ላለመጫወት ነው። አንዲት እንግዳ ቁርስ ሰዓት ላይ አብረዋት ለተቀመጡት የእርሷ ያልሆነውን አገር አገሬ ነው ስትል ሰማሁ፤ ፓስፖርቷን በዋዜማው አይቼዋለሁና ውሸት መሆኑን አውቄያለሁ። ከጎኗ የነበሩት ሽማግሌ በደስታ ዘወር ብለው «የት ከተማ? እኔም ከዚያው ነኝ» አሏት። ፊቷ እንዴት እንደሆነ ዛሬም ይታየኛል። ሰውየው ወዲያው ነገሩ ገባቸውና አላፋጠጧትም፤ ወደ ጽዋቸው አጎንብሰው ዝም አሉ። ሁለቱም በቀሩት ቀናት ቁርስ የሚመጡት በተለያየ ሰዓት ነበር። ያቺ ሴት እውነቱን ብትናገር ምናልባት አንድ ከባድ ጥያቄ ትጠየቅ ነበር። ዋሽታ ግን አንድ ጥሩ ሰው አጣች።

አምባሳደር ነህ የሚለውን አራተኛ ነጥብ ብዙ ሰው እንደሚወደው አውቃለሁ፤ ሲሰሙት ክብር ያለው ይመስላል። አምባሳደር ግን በመንግሥት ተሹሞ፣ ምን እንደሚል ተነግሮት፣ በ1961 በተፈረመው የቪየና ስምምነት ያለመከሰስ መብት ተሰጥቶት የሚላክ ሰው ነው። መንገደኛውን ማንም አልሾመውም። የአገሩን መንግሥት ሥራ ሁሉ እንዲከላከል ማስገደድ ሐሰት እንዲናገር ማስገደድ ነው።

ይህን የምለው ራሴ ወድቄበት ነው። አንድ ጊዜ በባቡር አብሮኝ የተቀመጠ ሰው በአገሬ ስለተፈጸመ አንድ ግፍ ጠየቀኝ። የጠየቀው እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑንም አውቃለሁ። ሆኖም በባዕድ ሰው አፍ ስሰማው አንገሸገሸኝና «እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም» ብዬ ተከራከርኩ። ሰውየው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «የጠየቅኩህ የእኔም አገር እንዲሁ ስላደረገች ነበር» አለኝ። ከዚያ እስከምንወርድ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል በመስኮት ስንመለከት ቆየን። ሊያጫውተኝ የፈለገውን ነገር አልሰማሁትም፤ ዕድሉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ተቃራኒውም እንዲሁ ልክ አይደለም። ባዕድ ሰው እንዲያጨበጭብለት አገሩን ከላይ እስከ ታች የሚያዋርድ መንገደኛም አውቃለሁ፤ እርሱም እውነት አልተናገረም። «እኔ የማስበው እንዲህ ነው፤ አገሬ ብትሄድ ግን ከእኔ የማይስማማ ሰው በየቤቱ ታገኛለህ» ማለት ይቻላል። ይህ ሹመት አይጠይቅም።

አሁን ወደ ፓስፖርቱ ልምጣ። ጸሐፊው «ማንነትህ ፓስፖርትህ ላይ የተጻፈው ነው» ሲሉ ፓስፖርት ከሰው ዘር ጋር አብሮ የተፈጠረ ያስመስሉታል። አሁን የምናውቀው ደብተር ወጥ ቅርጽ እንዲይዝ የተወሰነው የመንግሥታቱ ማኅበር በ1920 ፓሪስ ላይ በጠራው ጉባኤ ነው። 32 ገጽ ይኑረው የተባለውም ያኔ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአብዛኛው የአውሮፓ ክፍል ያለ ፓስፖርት መጓዝ ይቻል ነበር። ሰዎች «እኛ እነማን ነን» ብለው ለእንግዳ ማስረዳት የጀመሩት ግን ከዚያ ስንት ሺሕ ዓመት አስቀድመው ነው።

ደብተሩም ቢሆን በየአገሩ የሚናገረው ነገር አንድ አይደለም። አብዛኛው ፓስፖርት የትውልድ ቦታን ይጽፋል። የስዊዘርላንዱ ግን በዚያ ፋንታ «የመነሻ ቦታ» የሚሉትን ይጽፋል፤ ይህም ቤተሰቡ የዜግነት መብት የያዘበት መንደር ነው። ባለ ፓስፖርቱ መንደሩን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ይኸው ሰው ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ ወይም ሮማንሽ ይናገር ይሆናል፤ ስዊዝኛ የሚባል ቋንቋ የለም። ፓስፖርቱን ብቻ አንብቦ ይህን ማን ያውቃል?

የፑዌርቶ ሪኮ ሰዎች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ የሚጓዙትም በአሜሪካ ፓስፖርት ነው። በኦሊምፒክ ግን ከ1948 አንሥቶ በራሳቸው ስምና ባንዲራ ይሰለፋሉ። በ2016 በሪዮ ሞኒካ ፑዊግ በቴኒስ የመጀመሪያውን ወርቅ ስታመጣላቸው የተዘመረው የፑዌርቶ ሪኮ መዝሙር ነበር። ያንን ቀን የሚያስታውስ ሰው ፓስፖርቱን እያሳየ «አሜሪካዊ ነህ፤ በቃ» ብትለው ምን ይልሃል?

ከዚህ የሚከብደው የሆዴኖሾኒ ሕዝብ ታሪክ ነው፤ ኢሮኳ ተብለውም ይታወቃሉ። አገራቸው በዛሬው የአሜሪካና የካናዳ ድንበር ግራና ቀኝ ነው። መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱት ላክሮስ የሚባለው የኳስ ጨዋታ የእነርሱና የአካባቢያቸው ነባር ሕዝቦች ነው። በ2010 ብሔራዊ ቡድናቸው ለዓለም ሻምፒዮና ወደ እንግሊዟ ማንቸስተር ሊሄድ ተነሣ፤ ተጫዋቾቹ የያዙት ሕዝባቸው የሰጣቸውን ፓስፖርት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ለአንድ ጊዜ ፈቀደ፤ ብሪታኒያ ግን አልተቀበለችውም። በአሜሪካ ወይም በካናዳ ፓስፖርት ቢጓዙ ማንም አይከለክላቸውም ነበር። እነርሱ ግን አንፈልግም ብለው ሳይጫወቱ ቀሩ። የፈጠሩትን ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና ትተው የቀሩ ወጣቶች ናቸው። «ከደብተሩ አትውጣ» የሚለው ምክር ለእነርሱ ምን ትርጉም አለው?

ኡዥሆሮድ የምትባል ከተማ አለች፤ ዛሬ በምዕራብ ዩክሬን ናት። በ1910 እዚያ የተወለደ ሰው የኦስትሪያ ሀንጋሪ ተገዢ ሆኖ ተወለደ፤ በልጅነቱ ከተማዋ ለቼኮስሎቫኪያ ሆነች፤ በ1938 ለሀንጋሪ ተሰጠች፤ በ1945 ወደ ሶቪየት ኅብረት ገባች፤ እስከ 1991 በሕይወት ከቆየም የዩክሬን ዜጋ ሆኗል። ከከተማው ሳይወጣ አምስት መንግሥት አለፈበት። የትኛው ደብተር ነው እርሱን የሚናገረው?

ደብተር የሌለውስ? በ1922 የመንግሥታቱ ማኅበር የስደተኞች ኮሚሽነር የነበረው የኖርዌዩ ፍሪትዮፍ ናንሰን አገር ላጡ ስደተኞች የጉዞ ሰነድ እንዲሰጥ አድርጎ ነበር። የናንሰን ፓስፖርት ይባላል፤ የሙዚቃ ደራሲው ኢጎር ስትራቪንስኪና ሠዓሊው ማርክ ሻጋል ይዘውታል። አንድ እንግዳ እንዲህ ካሉ ሰነዶች በአንዱ ተመዝግቦ ሲያድር «ዜግነት» የሚለውን ቦታ ባዶ ተወው። የመመዝገቢያው ኮምፒውተር ባዶ ቦታ አይቀበልም ነበርና ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኩት። ስለ ትውልድ ቀዬው፣ ስለ አባቱ ሙያ፣ ስለሚናገራቸው ሦስት ቋንቋዎች አጫወተኝ። ከዚያ ሁሉ አንዱንም ማስገባት አልቻልኩም። የጸሐፊውን ምክር ብከተል ኖሮ ይህ ሰው ማንነት የለውም ማለት ነው፤ እኔ ግን በዚያ ወር ካገኘኋቸው እንግዶች ሁሉ ከየት እንደመጣ አጥርቶ ያስረዳኝ እርሱ ነው።

ስድስተኛው ነጥብ፣ «ዋናው አገርህስ?» የሚለው፣ የእኔንም ጥፋት የሚያነሣ ነው። አንዲት ወጣት የአንድ አውሮፓዊ አገር ፓስፖርት ሰጠችኝ። ስሟና መልኳ በእኔ ሐሳብ ከዚያ አገር ጋር አልገጠመልኝም። «ከየት ነሽ?» አልኳት፤ ነገረችኝ። «እርሱስ ይሁን፣ ዋናው አገርሽስ?» አልኳት። «የተወለድኩት እዚያ ነው፤ እናቴም እዚያ ነው የተወለደችው። ሴት አያቴ የመጣችበትን አገር ልንገርህ? አይቼው አላውቅም፤ ቋንቋውንም አልችልም» አለችኝ። ቁልፏን ተቀብላ ሄደች። ጸሐፊው እንደሚሉት የአያቷን አገር ብቻ ብትነግረኝ ኖሮ እኔ በጥያቄዬ ልክ እንደነበርኩ አምኜ እተኛ ነበር።

ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚያም ለማወቅ የዜግነት ሕጎችን ማየት ይበቃል። በአሜሪካ በ1868 በጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት በምድሯ የተወለደ ዜጋ ነው ተብሏል። በጀርመን ግን በ1913 የወጣው ሕግ ዜግነትን በደም ቆጥሮ ነበር። በ1961 ከቱርክ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት ለሥራ የመጡት ሰዎች ልጆች እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ተምረው፣ በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ሆነው አደጉ። በጀርመን መወለድ በራሱ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ዜግነት ማስገኘት የጀመረው ከ2000 ወዲህ ነው፤ እርሱም ከወላጆቻቸው አንዱ በሕጋዊነት ረጅም ጊዜ የኖረ ከሆነ። እንዲህ ያደገ ሰው «ዋናው» የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ በሕግ የተሰረዘለትን ጥርጣሬ የሆቴል ሠራተኛ እንደገና ሲጽፍበት ነው የሚታየው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የሚጠይቅ ይጠይቅ፤ የተሰጠውን መልስ ግን ይቀበል። ሰውየው ራሱ ስለ አያቱ መጨዋወት ከፈለገ ያነሣዋል። ብዙዎቹም ያነሡታል፤ ያንን ጨዋታ የመጀመር መብቱ ግን የእነርሱ ነው።

የቀረው «ጠያቂው ነገ አያስታውሰውም» የሚለው መዝጊያ ነው። ከስሎቬኒያ የመጣ አንድ እንግዳ ነበር። «ስሎቫኪያን አውቃታለሁ» ብዬ በኩራት ተቀበልኩት። ሁለቱም ባንዲራቸው ነጭ፣ ሰማያዊና ቀይ ነው፤ ሁለቱም ከኦስትሪያና ከሀንጋሪ ይዋሰናሉ፤ አንዷ በ1991 ከዩጎዝላቪያ፣ ሌላዋ በ1993 ከቼኮስሎቫኪያ ተለይተው የቆሙ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን ድንበር የላቸውም። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር። ከረጅም ጉዞ የመጣ ስለነበር ዓይኑ ቀልቷል። ዝም ብሎ «አዎ» ቢለኝ በአንድ ደቂቃ ክፍሉ ይገባ ነበር። የደረሰኝ ጀርባ ላይ ካርታ ሣለልኝ፤ ጣሊያን እዚህ፣ ኦስትሪያ ከላይ፣ ክሮኤሺያ ከታች፣ ሀንጋሪ በስተምሥራቅ፤ በስተመጨረሻ መሐሉ ላይ አንድ ነጥብ አስቀመጠና «እናቴ የምትኖረው እዚህ ነው» አለኝ። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ከሁለቱ አገሮች ከመጡ እንግዶች አንዱንም በሌላው ስም ጠርቼ አላውቅም።